የምክር ቤት ጉባኤን በብዙ ካሜራ ለመቅዳት፦ ዕቃው ከመገዛቱ በፊት

የወረዳም ሆነ የከተማ ምክር ቤት ጉባኤ ቀረጻ የሚመዘነው በአንዲት ደቂቃ ነው። አፈ ጉባኤው «የሚደግፍ?» ይላሉ፤ እጅ ይወጣል፣ ይቆጠራል። «የሚቃወም?» ይላሉ፤ ከኋላ ረድፍ ሁለት እጅ ብቅ ይላል። «ድምፀ ተዐቅቦ?» ብለው ወደሚቀጥለው አጀንዳ ያልፋሉ። በዚያች ደቂቃ ካሜራው አፈ ጉባኤው ፊት ላይ ተተክሎ ከቀረ፣ ስድስት ሰዓት ሙሉ ጥርት ብሎ የተቀዳው ቪዲዮ ዋናውን ነገር አልያዘም ማለት ነው። የበጀቱ ረቂቅ በሙሉ ድምፅ ጸደቀ ወይስ በአብላጫ? ቃለ ጉባኤው ይናገር ይሆናል፤ ቪዲዮው ግን አያሳይም።

ስለዚህ የግዢ ጥያቄ ከመጻፉ በፊት አንድ ወረቀት አውጡና ከቀረጻው ማምለጥ የሌለባቸውን ነገሮች ጻፉ። ዝርዝሩ አጭር ነው። መክፈቻው ላይ ምልዓተ ጉባኤው መሟላቱ በሚታይ ሰፊ ምስል ይያዝ። የሚናገረው ሰው ማን እንደሆነ ይታይ፣ የሚለውም ይሰማ። በፕሮጀክተር የሚቀርበው ሪፖርት ይነበብ። ድምፅ ሲሰጥ ቤቱ በሙሉ ይታይ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ በሆነ መንገድ መከናወን አለበት ሲል፣ በእኛ ሥራ ትርጉሙ እነዚህ አራት ነገሮች ናቸው። ሌላው ውበት ነው፤ ገንዘብ ከተረፈ ይታሰብበታል።

እነዚህን አራት ነገሮች ለመያዝ ሦስት ካሜራ ይበቃል፦ አንዱ መድረኩን፣ አንዱ አባላቱን፣ አንዱ ደግሞ ማንም ሳይነካው ቤቱን በሙሉ እንዳየ የሚውል። ፕሮጀክተሩ አራተኛ ምንጭ ይሆናል፤ እሱ ግን ካሜራ አይፈልግም፣ በኬብል በቀጥታ ይገባል። በሁለት ካሜራ የሚሠሩ አሉ። ችግሩ የአባላቱ ካሜራ የሚናገር ሰው ሲፈልግ ሰፊው ምስል መጥፋቱ ነው፤ ድምፅ አሰጣጡም የሚመጣው ብዙውን ጊዜ ያኔ ነው። አምስት ካሜራ ደግሞ አምስት የሚነካው ሰው ይፈልጋል።

ድምፁ ይቅደም

ምስሉ የደበዘዘ ቪዲዮ ይታያል፤ ድምፁ የማይሰማ ግን ወዲያው ይዘጋል። ከበጀቱ አንድ ሦስተኛውን ለድምፅ መመደብ ብዙ የሚመስለው ኮሙኒኬሽን ጽሕፈት ቤት ካለ፣ ያለፈውን ጉባኤ ቀረጻ ያለ ምስል አምስት ደቂቃ ያዳምጥ።

መነሻው የማይኮቹን ድምፅ የሚያቀላቅለው የአዳራሹ ሚክሰር ነው። ከዋናው መውጫ፣ ማለትም ወደ ሞንታርቦው ከሚሄደው፣ ድምፅ አትቀበሉ። የአዳራሹ ቴክኒሺያን ማይኩ ሲጮህበት ያንን ይቀንሳል፤ እሱ በቀነሰ ቁጥር የእናንተም ቀረጻ ይወርዳል። በሚክሰሩ ላይ «ኦክስ» የተባለውን መውጫ ተጠቀሙና ከፌደሩ (ድምፁን ከፍና ዝቅ ከሚያደርገው ተንሸራታች) በፊት እንዲወስድ አድርጉት። «ፕሪ» የሚል ቁልፍ ካለ ተጫኑት። ያን ጊዜ የአዳራሹ ድምፅ ቢወርድም ቢወጣም የእናንተ ባለበት ይቆያል። ሚክሰሩ ኦክስ መውጫ ከሌለው፣ ከካሜራ በፊት የሚገዛው ሚክሰር ነው።

ከሚክሰሩ እስከ ስዊቸሩ (የካሜራዎቹን ምስል እስከሚያቀያይረው ዕቃ) ያለው ርቀት ከአምስት ሜትር ከበለጠ ባለ ሦስት ፒን የኤክስኤልአር ኬብል ይሁን። ቀጭኑ የጆሮ ማዳመጫ ጃክ በዚያ ርቀት የመብራት እምምታ ይለቅማል። እምምታው ከቀጠለ ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ ሚክሰሩና ስዊቸሩ ከተለያየ ሶኬት መብራት መውሰዳቸው ነው፤ ሁለቱንም ከአንድ ማከፋፈያ ስኩ። አሁንም ካልጠፋ መሐል ላይ የድምፅ ማግለያ ትራንስፎርመር ይግባ። የሶኬቱን የመሬት ፒን ቆርጦ እምምታን ማጥፋት በየቦታው የሚታይ «መፍትሔ» ነው። ሰው ይገድላል፤ አታድርጉት።

የሚዞር ማይክ ባለበት አዳራሽ ሌላ ችግር አለ። አባሉ እጅ ያወጣል፣ ዕድል ይሰጠዋል፣ ማይክ አዟሪው ገና ሦስተኛው ረድፍ ላይ ሳለ «አመሰግናለሁ ክቡር አፈ ጉባኤ፣ እኔ የምለው…» ብሎ ይጀምራል። የጥያቄው ግማሽ አይቀዳም። ይህን ዕቃ አይፈታውም፤ ጉባኤው ከመጀመሩ በፊት አፈ ጉባኤው «ማይክ ይድረስዎት» ማለትን እንዲለምዱ ንገሯቸው። ዕቃው የሚረዳው በከፊል ነው፦ አንድ የአዳራሽ ማይክ ጣሪያው ሥር ወይም ከአባላቱ ፊት ለፊት አስቀምጡና በተለየ ትራክ ላይ፣ ዝቅ አድርጋችሁ ቅዱ። ጥራት የለውም፤ ግን ያለ ማይክ የተባለውን ቃለ ጉባኤ ያዡ አዳምጠው ሊጽፉት ይችላሉ። የሚዞሩት ማይኮች ባትሪ በየዕረፍቱ ይቀየር፤ እስኪሞት አይጠበቅ።

የድምፁ መጠን በመለኪያው ላይ ከ−18 እስከ −12 ዲሲቤል እየተመላለሰ፣ ከፍተኛው −6 አካባቢ ይሁን። ዜሮን ከነካ ይሰነጠቃል፤ የተሰነጠቀ ድምፅ ደግሞ በኤዲቲንግ አይመለስም። በመጨረሻም አነስተኛ የድምፅ መቅጃ፣ ለምሳሌ ዙም ወይም ታስካም የተባሉት አምራቾች ከሚሠሯቸው ርካሾች አንዱን፣ ሚክሰሩ ላይ ሰክታችሁ ቀኑን ሙሉ አስኪዱት። ሌላው ሁሉ ቢከሽፍ እሱ ይተርፋል።

አዳራሹን ለኩ

ሜትር ይዛችሁ ግቡ። የሚለካው የአዳራሹ ርዝመትና ስፋት ብቻ አይደለም፤ ካሜራው ከሚቆምበት እስከ መድረኩ ያለው ርቀት፣ የሚታየው ቦታ ስፋት፣ የሶኬቶቹ ቦታና የመስኮቶቹ አቅጣጫም ነው።

የሌንስ ምርጫ በግምት መሆን የለበትም። ቀመሩ ቀላል ነው፦ ርቀቱን በ36 አባዙ፣ እንዲታይ ለምትፈልጉት ስፋት አካፍሉ። የሚወጣው በ35 ሚሊ ሜትር ሥርዓት የሌንሱ ርዝመት ነው፤ አምራቾችም በዚያው ልኬት ተመጣጣኙን ይጽፋሉ።

14 ሜትር ርዝመትና 9 ሜትር ስፋት ያለው አዳራሽ እንውሰድ። የመድረኩ ካሜራ ከኋላ፣ ከንግግር ማድረጊያው 12 ሜትር ርቆ ቆሟል። አንድ ሰው ከደረት በላይ ዙሪያው ሳይጣበብ እንዲታይ 1.8 ሜትር ስፋት ይበቃል፦ 12 ሲባዛ በ36፣ ሲካፈል ለ1.8፣ 240 ሚሊ ሜትር። አፈ ጉባኤውን፣ ምክትላቸውንና ጸሐፊውን በአንድ ላይ ለማየት 4 ሜትር ስፋት ከተፈለገ 108 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ስለዚህ ይህ ካሜራ ከ100 እስከ 250 የሚሄድ ዙም ያስፈልገዋል። የአባላቱ ካሜራ ከፊት ጥግ ሆኖ፣ በ7 ሜትር ርቀት 9 ሜትሩን ስፋት ይዞ ለመነሳት 28 ሚሊ ሜትር ይፈልጋል። ከፎቶ ካሜራ ጋር የሚመጣው ተራ ሌንስ ለሁለተኛው ሊሆን ይችላል፤ ለመጀመሪያው ፈጽሞ አይደርስም። ካሜራ ተገዝቶ «ዙሙ አይደርስም» የሚባለው ይህ ስሌት ስላልተሠራ ነው።

ሦስቱም ካሜራዎች ከአዳራሹ አንድ ጎን ይሁኑ። ከመድረኩ ወደ አባላቱ መሐል ለመሐል መስመር እንደተሰመረ አስቡ፤ ካሜራዎቹ ከመስመሩ ግራ ከሆኑ ሁሉም ግራ። ያን ጊዜ ተናጋሪው በምስሉ ወደ ቀኝ ሲያይ ጠያቂው ወደ ግራ ያያል፤ ተመልካቹም ሁለቱ እንደሚነጋገሩ ይገባዋል። አንዱ ካሜራ መስመሩን ተሻግሮ ከቆመ ሁለቱም ወደ አንድ አቅጣጫ የሚያዩ፣ ጀርባ የተሰጣጡ ይመስላሉ።

የትኛው ጎን? መስኮት ያለው። ካሜራው መስኮቱን በጀርባው ይያዝ። መስኮት በሁለቱም በኩል ካለ ከካሜራዎቹ ትይዩ ያለው መጋረጃ ይዘጋ፤ አለበለዚያ አባላቱ ጥቁር ጥላ ሆነው ይቀራሉ።

ቁመቱም አይዘንጋ። ተቀምጦ የሚናገር ሰው ዓይን ከወለሉ 1.2 ሜትር አካባቢ ነው። ካሜራውን እዚያ ብታቆሙት ግን የሚያልፈው ሁሉ ምስሉን ይጋርዳል። ከ1.8 እስከ 2 ሜትር ጥሩ መሐከለኛ ነው። ሰፊውን የያዘው ካሜራ ግን የኋላ ረድፍ እጆች ከፊት ረድፍ ራሶች በላይ እንዲታዩ 2.5 ሜትርና ከዚያ በላይ፣ ግድግዳ ላይ ቢታሰር ይመረጣል።

የትኛው ዓይነት ካሜራ?

ለእንዲህ ዓይነት ሥራ የቪዲዮ ካሜራ፣ ካምኮርደር የሚባለው፣ ዛሬም የሚበልጠው የለም። ከ100 እስከ 250 ያለው ዙም አብሮት ተሠርቷል፤ ከመብራት እየወሰደ ቀኑን ሙሉ ይሠራል፣ አይግልም። መልኩ ስለማያምር ብዙ ሰው ያልፈዋል።

የፎቶ ካሜራ ምስሉ ያምራል፤ ለሠርግ ተስማሚ ነው። ለጉባኤ ከመምረጣችሁ በፊት ግን አራት ነገር ፈትሹ። ብዙ የቆዩ ሞዴሎች 29 ደቂቃ ከ59 ሰከንድ ሲሞላ ቀረጻውን ራሳቸው ያቆማሉ። አንዳንዶቹ በኤችዲኤምአይ የሚያወጡት ምስል የባትሪና የፎከስ ምልክት ተለጥፎበት ነው። በባትሪ ቦታ የሚገባ የመብራት አዳፕተር ለብቻው ይገዛል። ለረጅም ሰዓት ሲሠሩም ይግላሉ፣ ይጠፋሉ። የኤችዲኤምአይ መሰኪያቸው ትንሹ ዓይነት ከሆነ ኬብሉን ከትራይፖዱ ጋር እሰሩት፤ ሰው አንዴ ከረገጠው የተሰበረው መሰኪያ ካሜራውን ለጥገና ይልከዋል።

ራሱን የሚያዞረው ፒቲዜድ ካሜራ ቋሚ አዳራሽ ላለው ከተማ ምክር ቤት የተሻለ ነው። ግድግዳ ላይ ይታሰራል፣ ትራይፖድ አይዘረጋም፤ ሦስቱንም አንድ ሰው ከአንድ ጠረጴዛ ይቆጣጠራቸዋል። ባለ 12 እጥፍ ዙሙ እስከ 15 ሜትር ላለ ርቀት ይበቃል፤ ከዚያ ለሚበልጥ ባለ 20 እጥፍ ይግዙ። መግዣ ዋጋው ከፍ ይላል፤ በአንጻሩ የሁለት ካሜራማን አበል ይተርፋል። የእያንዳንዱን ተናጋሪ ቦታ በቁጥር መዝግቡለት፦ 1 አፈ ጉባኤ፣ 2 ንግግር ማድረጊያ፣ 3 የግራ ረድፍ፣ እያለ። ካሜራው ሲዞር በቀጥታ ምስል ላይ አይሁን፤ መጀመሪያ ወደ ሌላ ካሜራ ቀይሩ፣ ከዚያ ይዙር። «ሰው ይከተላል» የሚባለውን ራስ ሰር ባሕርይ አጥፉት፤ ውሃ የምታድለውን ልጅ አዳራሹን ሙሉ ሲከተላት ይውላል።

የጥበቃ ካሜራ «አለን እኮ፣ ለምን ሌላ እንገዛለን?» ማለት የተለመደ ነው። ምስሉ ከድምፁ ዘግይቶ ይመጣል፣ የቅርብ ምስል አይሰጥም፣ መስኮት ሲያይ ይታወራል። ለሌባ የተሠራ ነው።

ስዊቸሩ ላይ አትቆጥቡ

ካሜራ በየዓመቱ ይሻሻላል፤ የሥራው አከርካሪ ግን ምስሎቹን የሚያቀያይረው ስዊቸር ነው። ልትጠይቁት የሚገባ አንድ ጥያቄ አለ፦ የምመርጠውን ምስል ብቻ ነው የሚቀዳው ወይስ እያንዳንዱን ካሜራ ለየብቻው?

ልዩነቱን በድምፅ አሰጣጡ ደቂቃ እዩት። ኦፕሬተሩ ተሳስቶ «የሚቃወም?» ሲባል አፈ ጉባኤው ላይ ቆየ እንበል። ስዊቸሩ የተመረጠውን ብቻ ከቀዳ የተነሡት ሁለት እጆች የሉም፤ ጠፍተዋል። እያንዳንዱን ለየብቻ ከቀዳ ግን ሰፊው ካሜራ አይቷቸዋል፤ በኤዲቲንግ ይተካሉ። በብላክማጂክ ኤቴም ሚኒ ቤተሰብ ተራው ሞዴል አራት የኤችዲኤምአይ መግቢያ አለው፣ ራሱ ግን አይቀዳም። ፕሮው የተመረጠውን ምስል ዲስክ ላይ ይቀዳል፣ ላይቭም ያስተላልፋል። ፕሮ አይኤስኦ የሚለው አራቱንም ለየብቻ፣ የተመረጠውን ደግሞ አምስተኛ አድርጎ ይቀዳል። ኤክስትሪም አይኤስኦ ስምንት መግቢያ አለው። ለወረዳ ሦስተኛው ትክክለኛው ነው፤ ከተራው ጋር ያለው የዋጋ ልዩነት አንድ የበጀት ጉባኤ ከሚጠፋ ይሻላል።

ላፕቶፕ ካላችሁና ገንዘብ ከሌለ ኦቢኤስ የተባለው ነፃ ሶፍትዌር ይሠራል፤ ሁለት ነገር ግን ተጠንቀቁ። «አራት ኬ» ተብሎ የተጻፈበት ርካሽ የምስል መቀበያ (የካሜራውን ምስል ወደ ላፕቶፑ የሚያስገባው) ብዙውን ጊዜ የሚሠራው በዩኤስቢ 2 ነው። ሦስቱን በአንድ ማከፋፈያ ብትሰኩ መስመሩ አይችልም፣ ምስሉ ይቆራረጣል ወይም ሦስተኛው ጨርሶ አይታይም። ሌላው የፋይሉ ዓይነት ነው። ኤምፒ4 ፋይል የሚታሸገው ቀረጻው ሲቆም ነው፤ መብራት በድንገት ከሄደ የሦስት ሰዓት ፋይል ሳይከፈት ሊቀር ይችላል። ኦቢኤስ ላይ ኤምኬቪ ምረጡ፤ እሱ እስከተቋረጠበት ድረስ ይከፈታል፣ በኋላ ወደ ኤምፒ4 መለወጥ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው።

ኬብል፦ የተረሳው ወጪ

ተራ የኤችዲኤምአይ ኬብል እስከ 10 ሜትር ድረስ ይታመናል። ከዚያ በኋላ ምስሉ ብልጭ ይላል፣ ይጠፋል፣ ይመለሳል፤ ሰውም ካሜራው ተበላሸ ይላል። ርቀቱን ደግሞ በአየር አትለኩ። ያ 14 ሜትር አዳራሽ ውስጥ ኬብሉ ከትራይፖዱ ይወርዳል፣ በግድግዳው ጥግ ይሄዳል፣ በር ይዞራል፣ ወደ ጠረጴዛው ይወጣል፤ ከ20 ሜትር በላይ ይሆናል። በዚህ ርቀት መፍትሔው ኤስዲአይ የተባለው የባለሙያ ቪዲዮ መስመር ነው፤ በጥሩ 75 ኦም ኬብል ለ1080ፒ ምስል 70 ሜትር አያስቸግረውም፣ መሰኪያውም ዞሮ የሚቆለፍ ስለሆነ ሰው ቢያደናቅፈው አይነቀልም። ካሜራው ኤስዲአይ ከሌለው በሁለቱም ጫፍ መለወጫ ያስፈልጋል። ሦስት ካሜራ ስድስት መለወጫ፣ ስድስት መለወጫ ስድስት ተጨማሪ ሶኬት ማለት ነው። መግቢያው በቀጥታ ኤስዲአይ የሆነ የኤቴም ሞዴል መግዛት ከእነዚህ ሦስቱን ያስቀራል።

ፒቲዜድ ከመረጣችሁ በአንድ የኔትወርክ ኬብል መብራቱም፣ መቆጣጠሪያውም፣ ምስሉም ይሄዳል፤ ወሰኑ 100 ሜትር ነው። ኬብሉን የሚያገናኘው የኔትወርክ ስዊች መብራት የሚሰጥ ዓይነት ይሁን፤ ለሦስት ካሜራ ከ60 ዋት ያላነሰ አቅም ይኑረው። ከቢሮው ኢንተርኔት ጋር ግን አታቀላቅሉት። በኔትወርክ የሚላከው ሙሉ ጥራት ያለው ምስል፣ ኤንዲአይ የሚባለው፣ አንዱ ብቻ ከ100 ሜጋ ቢት በሰከንድ በላይ ይፈልጋል። የፋይናንስ ክፍሉ ሥርዓት ሲቆም የሚወቀሰው እናንተን ነው።

ወለል የሚያቋርጥ ኬብል በሰፊ ፕላስተር ይለጠፍ፤ ከእያንዳንዱ ዓይነትም አንድ መለዋወጫ ቦርሳ ውስጥ ይኑር።

መብራት፣ በሁለቱም ትርጉሙ

በአገራችን የኤሌክትሪክ መስመር 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው። የአዳራሹ አምፖሎች በዚያ ምት እጥፍ፣ በሰከንድ 100 ጊዜ፣ ይርገበገባሉ፤ ዓይን አያየውም፣ ካሜራ ግን ያየዋል። ከአሜሪካ የመጣ ካሜራ ተስተካክሎ የሚመጣው ለ60 ኸርዝ ስለሆነ፣ ሳይለወጥ ከተቀዳ ጥቁር መስመር ምስሉ ላይ ሲወርድ ይውላል። ሁሉንም ካሜራ በ1080ፒ፣ በሰከንድ 25 ፍሬም፣ ሻተሩን 1/50 አድርጉ። አይኤስኦ (ካሜራው ብርሃን የሚቀበልበት መጠን) እና ዋይት ባላንስ (የቀለም ሚዛኑ) በእጅ ይቆለፉ፤ በነጭ ወረቀት ሦስቱንም በአንድ ጊዜ አስተካክሉ። ጠዋት የተስተካከለው ከምሳ በኋላ ፀሐዩ ሲዞር ይለወጣልና የከሰዓቱ ጉባኤ ከመጀመሩ በፊት አንዴ ይደገም።

ሁለተኛው መብራት የሚጠፋው ነው። ሦስት ካሜራ ወደ 40 ዋት፣ ስዊቸር 20፣ መለወጫዎች 10፣ ሞኒተር 30፣ ሚክሰርና የማይክ መቀበያዎች 25፣ ላፕቶፕ 65፣ ሞደም 10፤ ሲደመር 200 ዋት። ዩፒኤስ ሲገዛ ሻጩ የሚነግራችሁ ቪኤ የሚለው ቁጥር ምን ያህል ጭነት እንደሚሸከም እንጂ ስንት ደቂቃ እንደሚቆይ አይደለም። የሚቆይበትን የሚወስነው ባትሪው ነው። ባለ 12 ቮልት፣ 9 አምፒር ሰዓት ሁለት ባትሪ ያለው 1500 ቪኤ ዩፒኤስ፣ የሚባክነው ሲቀነስ፣ ለ200 ዋት ጭነት ግማሽ ሰዓት ያህል ቢሰጥ ነው። ባትሪው ሁለት ዓመት ካለፈው ግማሹን አስቡ። ይህ ጊዜ ጄኔሬተር እስኪነሣ ይበቃል፣ ጉባኤውን ግን አያስጨርስም። ሞንታርቦና ፕሮጀክተር ዩፒኤሱ ላይ አይሰኩ። ሚክሰሩ ግን የግድ ይሰካ፤ ካሜራው በርቶ ድምፁ ከጠፋ ምን ዋጋ አለው?

የሻይ ሰዓት ማፍያው ከናንተ መስመር ላይ እንዳይሰካም ጠባቂ አቁሙ። ብሬከር የሚወርደው ያኔ ነው።

የሚቀዳበት ቦታ

ስሌቱ፦ የቀረጻው ፍጥነት በሜጋ ቢት ሲባዛ በ0.45፣ በሰዓት ስንት ጊጋ ባይት እንደሚይዝ ይሰጣል። በ25 ሜጋ ቢት አንዱ ምስል በሰዓት 11.25 ጊጋ ባይት ነው። አምስት ፋይል ለስድስት ሰዓት 337 ጊጋ ባይት ይሆናል። ስለዚህ 1 ቴራ ባይት ኤስኤስዲ ይገዛ፣ በኤክስፋት ፎርማት ይደረግ። ፍላሽ አይችልም፤ ፍጥነቱ ሲወርድ ፍሬም ይዘላል። በፋት 32 የተደረገ ዲስክ ደግሞ ከ4 ጊጋ ባይት የሚበልጥ ፋይል አይቀበልም። ካሜራዎቹም በየሜሞሪያቸው ይቅዱ፤ 64 ጊጋ ባይቱ በዚህ ፍጥነት ከአምስት ሰዓት ተኩል ብዙ አያልፍም፣ በምሳ ሰዓት ይቀየር።

ትንሽ የምትመስል ግን ቃለ ጉባኤ ያዡን የምታናድድ ነገር፦ የካሜራው ሰዓት 9፡15 ሲል ቃለ ጉባኤው ከጠዋቱ 3፡15 ይላል። ሦስቱንም ካሜራ በአንድ ሰዓት አስተካክሉ፤ በማውጫው ላይ ግን በእኛ ሰዓት ጻፉ። ፋይሉንም በኢትዮጵያ ዘመን አቆጣጠር ዓመት፣ ወር፣ ቀን በሚል ቅደም ተከተል ሰይሙት፤ ኮምፒውተሩ ራሱ በተራ ይደረድረዋል።

ላይቭ ከተፈለገ

ለ720ፒ ላይቭ 3 ሜጋ ቢት በሰከንድ ይበቃል፤ የኢንተርኔቱ የመላኪያ ፍጥነት ግን ቢያንስ እጥፉ ይሁን። የሚለካውም ባዶ አዳራሽ ውስጥ ሳይሆን አባላቱ ስልካቸውን ይዘው ከገቡ በኋላ ነው። ስድስት ሰዓት ወደ 8 ጊጋ ባይት ይበላል፤ ካርዱ ቀድሞ ይሞላ። ዩቲዩብ ላይ አዲስ ቻናል ላይቭ እስኪፈቀድለት እስከ 24 ሰዓት ሊወስድ ይችላል፤ በስልክ ያልተረጋገጠ ቻናል ከ15 ደቂቃ በላይ የሆነ ቪዲዮም አይጭንም። ፌስቡክን ማኅደር አድርጋችሁ ከሆነ ግን ተዉት። እ.ኤ.አ. ከ2025 መጀመሪያ ጀምሮ የላይቭ ቅጂዎችን ከ30 ቀን በኋላ ያጠፋል። ዋናው ቅጂ ጽሕፈት ቤቱ ዲስክ ላይ፣ ሁለተኛው ሌላ ሕንፃ ውስጥ ይቀመጥ።

ግዢውና ርክክቡ

የዝርዝር መግለጫው የምርት ስም ሳይሆን ሥራን ይናገር። «ስዊቸር፣ ጥራት ያለው» የሚል መስመር ተራውን ሞዴል ያመጣላችኋል። እንዲህ ይጻፍ፦ «ቢያንስ አራት የኤችዲኤምአይ ወይም የኤስዲአይ መግቢያ ያለው፣ የእያንዳንዱን መግቢያ ምስልና የተመረጠውን ምስል በአንድ ጊዜ በተለያየ ፋይል ዲስክ ላይ የሚቀዳ፣ በ1080ፒ 25 ፍሬም የሚሠራ፣ ከ220 ቮልት አዳፕተር ጋር።» ለካሜራውም የሌንሱ ርዝመት በቁጥር፣ ያለ ማቋረጥ የሚቀዳበት ሰዓት፣ ንጹሕ የኤችዲኤምአይ ምስል ማውጣቱ ይጻፍ። ኬብል፣ መለወጫ፣ ትራይፖድ፣ ዲስክና ዩፒኤስ በዚያው ጥያቄ ይካተቱ። ሰኔ ላይ በጀት እንዳይመለስ ተብሎ ካሜራው ብቻ ከተገዛ፣ ኬብሉ የሚቀጥለውን ዓመት በጀት እየጠበቀ ካሜራው ግምጃ ቤት ይከርማል።

ዕቃው ሲመጣ ሞዴል 19 (የዕቃ ገቢ ደረሰኙ) ከመቆረጡ በፊት አዳራሹ ውስጥ ይዘርጋ። በእውነተኛው ርቀት፣ በተገዛው ኬብል ሁሉም ይሰካ፤ ሁለት ሰዓት ሙሉ ሳይቋረጥ ይቀዳ። በመካከሉ ዩፒኤሱን ከግድግዳው ንቀሉት። አንድ ሰው ማይኩ ፊት ቆሞ ያጨብጭብ፤ ድምፁ ከእጆቹ መገናኘት ስንት ፍሬም እንደሚቀድም ቁጠሩና ስዊቸሩ ላይ ድምፁን በዚያው ልክ አዘግዩ። አንዱ ፍሬም 40 ሚሊ ሰከንድ ነው፤ ከሁለት እስከ አራት ፍሬም የተለመደ ነው። ከዚያ አሥር ሰው በኋላ ወንበሮች ላይ ይቀመጥና አንዱ «የሚደግፍ?» ብሎ ይጥራ። ሰፊው ካሜራ የቀዳውን ፋይል በሞኒተር ክፈቱ፤ የተነሡትን እጆች አንድ በአንድ መቁጠር ካቃታችሁ ካሜራውን ከፍ አድርጉት ወይም ሌንሱን ቀይሩ፤ ፊርማው ከዚያ በኋላ ይሁን።